ሦስት ደሴቶች በአንድ ምሽት

ለኢትዮጵያዊ ስታድ ደ ፍራንስ ባዕድ ስታዲየም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ቀነኒሳ በቀለ በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረሥላሴን ቀድሞ የገባው፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ ወጥቶ መድረኩ ላይ ከኛ ሰው በቀር ሌላ የጠፋው እዚያ ነው። ጥሩነሽ ዲባባ ገና ልጅ ሳለች በ5,000 ሜትር ዓለምን ያስደነቀችውም እዚያው ነው። በፓሪስ ኦሊምፒክ ሰሞን ስታዲየሙ ወዳለባት፣ ሳን ደኒ ወደምትባለው የከተማዋ ዳርቻ ያቀናሁት ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነበር። የሄድኩት የኛን ልጆች ለማየት ነው፤ አይቻለሁም። አርብ ምሽት በሪሁ አረጋዊ በ10,000 ሜትር በኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በሠላሳ መቶኛ ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ ብር ሲያገኝ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኬያለሁ።

እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ማግስቱ ነው፤ ቅዳሜ ሐምሌ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.። በዚያ ምሽት የኛ ሰው ለሜዳሊያ አልሮጠም። በካሪቢያን ባሕር ላይ ያሉ ሦስት ትንንሽ ደሴቶች፣ ዶሚኒካ፣ ሴንት ሉሲያና ግሬናዳ፣ በአንድ ስታዲየም በአንድ ምሽት ሜዳሊያ ወሰዱ። ለዶሚኒካና ለሴንት ሉሲያ በኦሊምፒክ ታሪካቸው የመጀመሪያው ነበር፤ የመጀመሪያውም ወርቅ ሆነ። የሦስቱ አገሮች ሕዝብ አንድ ላይ ቢቆጠር አራት መቶ ሺህ አይሞላም። የሴንት ሉሲያ ስፋት 617 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣና ሐይቅ ብቻውን አምስት እጥፍ ያህል ይበልጣታል።

ዕለቱን የጀመርኩት በጠዋት ነው። በወንዶች 100 ሜትር ከዋናው ማጣሪያ በፊት ሌላ ቅድመ ማጣሪያ አለ፤ ቴሌቪዥን ብዙም የማያሳየው፣ ታላላቆቹ ሯጮች ሳይመጡ የሚያልቅ ውድድር ነው። ሚኒማ ያሟላ አትሌት የሌላት አገር ያላትን ፈጣን ልጅ እንድታሰልፍ ሕጉ ቦታ ይሰጣታል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት መሙ ላይ የሚቆሙት አብዛኞቹ፣ ከኦሊምፒክ ሌላ ጊዜ ስማቸውን የማንሰማቸው አገሮች ልጆች ናቸው። ቱቫሉ አንዷ ናት፤ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል 26 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬትና አሥራ አንድ ሺህ ያህል ሕዝብ። ወደ ፓሪስ የላከችው ሁለት አትሌት ነው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ሁለቱም የ100 ሜትር ሯጮች። በፉናፉቲ የሚገኘው የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ አውሮፕላን በማያርፍበት ሰዓት የሕዝቡ ሁሉ መጫወቻ ነው፤ ሯጩም የሚለማመደው እዚያው አስፋልት ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እነዚህ ልጆች እኮ እንደማያልፉ እያወቁ ነው የሚሮጡት» አለኝ ሳን ደኒ ያደገው የአጎቴ ልጅ። ማሾፉ አልነበረም፤ ከልቡ አዝኖላቸው ነው። እኔን ግን ሐዘኔታው ከበደኝ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችው በ1956 ሜልበርን ነው፤ የተመለሰችውም ያለ አንድ ሜዳሊያ ነው። ከሄዱት ወጣቶች አንዱ በ800 እና በ1,500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያ አላለፈም። ስሙ ማሞ ወልዴ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ያሸነፈው ያው ማሞ ነው። ያኔ ሜልበርን ላይ ከአንድ ተመልካች አጠገብ ተቀምጦ «ምስኪን» ያለው ሰው ኖሮ ይሆናል። ይህን ለልጁ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና በሚቀጥለው ምድብ ከሁሉ ኋላ ለገባው ሯጭ ተነሥቶ አጨበጨበ።

ዶሚኒካና ሴንት ሉሲያም እንዲህ ባለው በር ነው የገቡት። ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፉት በ1996 አትላንታ ላይ ነው፤ እስከ ፓሪስ ሃያ ስምንት ዓመት መሆኑ ነው። በየአራት ዓመቱ አንድ ሰው ሰንደቁን ይዞ መግባት ነበረበት፤ ያለ ሜዳሊያ የሚመለስ ሰው። የሴንት ሉሲያዋ ከፍታ ዘላይ ሌቨርን ስፔንሰር ለአራት ኦሊምፒክ ተሰልፋለች። በ2018 የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ላይ ለአገሯ የመጀመሪያውን ወርቅ አምጥታለች፤ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ግን ሳታይ ነው ዘመኗ ያለፈው። ፓሪስ ላይ ስሟን ያነሣ ጋዜጣ አላየሁም። እኔ ግን ያን ምሽት ያለ እሷ ልጽፈው አልፈልግም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። አሜሪካ ወደ ፓሪስ ስድስት መቶ የሚጠጉ አትሌቶች ይዛ ነው የመጣችው። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይነሣል፤ ያዘነው በሚቀጥለው ሰዓት ይጽናናል። የሴንት ሉሲያ ቡድን በሙሉ አራት ሰው ነበር፤ ሁለት ሯጮች፣ አንድ ዋናተኛና በሸራ ጀልባ የሚወዳደር አንድ ልጅ፤ እሱም ውድድሩ ማርሴይ ስለሆነ ከሦስቱ ተለይቶ ባሕር ዳር ነው የሰነበተው። በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ የሚደበቁበት ጀርባ የለም። መቶ ሰማንያ ሺህ ሰው በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ነው።

ለምሽቱ ውድድር ስንገባ አጠገባችን የተቀመጡት በሰባዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሴት ነበሩ። በአንድ እጃቸው አረንጓዴ መደብ ላይ በቀቀን ያለበትን የዶሚኒካ፣ በሌላው ሰማያዊ መደብ ላይ ሦስት ማዕዘን የቆመበትን የሴንት ሉሲያ ሰንደቅ ይዘዋል። የአጎቴ ልጅ በፈረንሳይኛ ከየትኛዋ እንደሆኑ ጠየቃቸው። ከሁለቱም አይደሉም። የማርቲኒክ ሰው ናቸው።

ይህን ለመረዳት ካርታ ማየት ያስፈልጋል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርዱ መጀመሪያ ጓዴሎፕ፣ ቀጥሎ ዶሚኒካ፣ ከዚያ ማርቲኒክ፣ ከዚያ ሴንት ሉሲያ ይገኛሉ። ሰማዩ ሲጠራ አንዷ ከሌላዋ ዳርቻ ትታያለች። ጓዴሎፕና ማርቲኒክ እስከ ዛሬ የፈረንሳይ አካል ናቸው። ዶሚኒካ በ1978፣ ሴንት ሉሲያ በ1979 ከእንግሊዝ ነጻ ወጡ። ሴንት ሉሲያን ብቻ እንግሊዝና ፈረንሳይ አሥራ አራት ጊዜ ያህል ተቀባብለዋታል። በመሥሪያ ቤት ሁለቱ እንግሊዝኛ፣ ሁለቱ ፈረንሳይኛ ይጽፋሉ፤ በገበያና በጓዳ ግን አራቱም ጋ ክሪዮል ይነገራል፣ እርስ በርስም ይግባባሉ። ከሁለት ነጻ ደሴቶች መካከል የተቀመጠችው ማርቲኒክ ኦሊምፒክ ላይ በራሷ ስም አትሰለፍም። ልጆቿ የሚሮጡት የፈረንሳይን ማሊያ ለብሰው ነው።

ሴትየዋ የተወለዱት በማርቲኒክ ሰሜን ጫፍ ግራንድ ሪቪዬር የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው፤ ከባሕሩ ማዶ ዶሚኒካ ትታያለች። አባታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ማርቲኒክ ከናዚ ጀርመን ጋር በተባበረው የፈረንሳይ ቪሺ መንግሥት ሥር ሳለች፣ ሌሊት በጀልባ ወደ ዶሚኒካ ከተሻገሩት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። ከማርቲኒክና ከጓዴሎፕ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በዚያ መንገድ ወደ ዶሚኒካና ወደ ሴንት ሉሲያ እየወጡ ከደ ጎል ጦር ጋር ተቀላቅለዋል። ባሕሩ የበላው ብዙ ነው። የተሻገረውን ደሴቶቹ ያላቸውን አካፍለው አስተናግደውታል። «አባቴን ያበሉት እነሱ ናቸው» አሉ ሴትየዋ፣ የዶሚኒካን ሰንደቅ ከፍ አድርገው። እሳቸው ደግሞ ፈረንሳይ ከ1963 እስከ 1981 ድረስ ከደሴቶቹ ሠራተኛ ስታመጣ በዚያ ማዕበል ፓሪስ ገብተው ዕድሜያቸውን በሆስፒታል ሥራ አሳልፈዋል።

ምሽቱ ላይ ዝናብ መጣ። ዶፍ ዝናብ አልነበረም፤ የኛን ሐምሌ የሚያስታውስ ኃይልም አልነበረውም፤ ግን ሐምራዊውን መም አረጠበው። የሴቶች ስሉስ ዝላይ ፍጻሜ ተጀምሯል። የዶሚኒካዋ ቲያ ላፎንድ በሁለተኛ ሙከራዋ ሮጣ መጥታ ሦስቴ ነጥራ አሸዋው ላይ ወደቀች። 15 ሜትር ከ02። ከዚያ በኋላ ያለው አራት ዙር መጠበቅ ነው፤ ለተመልካች እንኳ የሚያስጨንቅ ነገር። ጃማይካዊቷ ሻኒካ ሪኬትስ 14.87 ዘለለች፤ አሜሪካዊቷ ጃስሚን ሙር 14.67። ያችን ሁለተኛ ዝላይ የበለጠ አልተገኘም። ዶሚኒካ ወርቅ አገኘች።

የቲያ መንገድ እኛን በቅርብ የሚነካ ነው። የተወለደችው በዶሚኒካ ዋና ከተማ ሮዞ ነው፤ በአምስት ዓመቷ ቤተሰቧ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሜሪላንድ ሄደ። ያደገችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ የሌለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ብዙ አይገኝም። እንጀራው፣ ቡናው፣ የአማርኛ ማስታወቂያው ሞልቶበታል፤ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን መልእክት በአማርኛ ጭምር ያዘጋጃሉ። ቲያ የተማረችው እዚያ ጆን ኤፍ ኬኔዲ በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በዚያው ትምህርት ቤት ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች አስተምራለች፤ እያስተማረችም ትለማመድ ነበር። ውጤቱ በታወጀ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እዚያው ከተማ የምትኖረው እህቴ ደወለችልኝ።

«ወንድምዓለም፣ አየሃት? የኛ ሰፈር ልጅ እኮ ናት!»

«ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«እኔ አላውቃትም። ልጆቹ ግን ያውቋታል። ሚስ ላፎንድ ነው የሚሏት።»

ሜሪላንድ ያደገች ልጅ ናት፤ የደረቷ ላይ ጽሑፍ ግን ዶሚኒካ ነው። ይህ ቀላል ምርጫ አይመስለኝም። ትልቅ አገር ሐኪም አለው፣ ፊዚዮቴራፒ አለው፣ ስፖንሰር አለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለችው ከባድ አውሎ ነፋስ ዶሚኒካ ላይ ስትወርድ አብዛኛውን ቤት ጣሪያ አልባ አድርጋ ነው ያለፈችው፤ ጉዳቱ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ሁለት እጥፍ በላይ እንደሆነ ተገምቷል። ከሰባት ወር በኋላ በአውስትራሊያ ጎልድ ኮስት በተደረገው የኮመንዌልዝ ጨዋታ ቲያ በስሉስ ዝላይ ነሐስ አገኘች። ጣሪያ ገና እየመታ ለነበረ ሕዝብ ያ ሜዳሊያ ምን እንደነበረ ለመገመት ሩቅ መሄድ አያሻም። ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ለፍጻሜ ደርሳ አሥራ ሁለተኛ ሆነች። በመጋቢት 2024 ግላስጎው ላይ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮን ሆነች፤ ከዚያም ይህ ምሽት።

ከዶሚኒካ ሌላ ስሉስ ዘላይ ቀደም ብሎ ነበር። ዤሮም ሮሜን በ1995 የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ወስዷል፤ ኋላ ግን ለፈረንሳይ ተሰልፏል። አልፈርድበትም። አትሌት የሚሮጥበት ዕድሜ አጭር ነው፤ እንጀራም ያስፈልገዋል። የኛም ልጆች ለባህሬን፣ ለቱርክ፣ ለኔዘርላንድስ ሲሮጡ አይተናል፤ ለአንዳንዶቹ ስናጨበጭብ አንዳንዶቹን ስንታዘብ ኖረናል። ግን የቀረ ሰው ሲገኝ፣ ትንሿን አገር ይዞ የቀረ ሰው፣ ስሙ በደንብ ሊጠራ ይገባል።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ገደማ የሴቶች 100 ሜትር ሯጮች ወጡ። ስታዲየሙ በአብዛኛው የሚጠብቀው የዓለም ሻምፒዮኗን ሻካሪ ሪቻርድሰንን ነበር። ሴትየዋ የሴንት ሉሲያን ሰንደቅ ብቻ አስቀርተው ሌላውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ተኩሱ ሲሰማ የሴንት ሉሲያዋ ጁሊየን አልፍሬድ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ቀድማ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ የደረሰባት የለም። በርጥብ መም ላይ 10.72። ሪቻርድሰን 10.87፣ ሜሊሳ ጄፈርሰን 10.92። በ100 ሜትር አሥራ አምስት መቶኛ ሰከንድ ሰፊ ርቀት ነው፤ ፎቶ የሚጠብቅ ዳኛ አላስፈለገም። ጁሊየን ስሟ የተጻፈበትን ወረቀት ከደረቷ ገንጥላ ለሕዝቡ አሳየች። በዚያን ዕለት ጠዋት «ጁሊየን አልፍሬድ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን» ብላ በእጇ ጽፋ እንደነበር፣ የዩሴን ቦልትንም የድሮ ሩጫዎች ስታይ እንዳረፈደች ኋላ ተናግራለች።

ሴትየዋ አለቀሱ። እኔም። የአጎቴ ልጅ ሁለታችንንም አቅፎ ይስቃል።

ጁሊየን የሴንት ሉሲያ ዋና ከተማ የካስትሪስ ልጅ ናት። በልጅነቷ በባዶ እግሯ፣ አንዳንዴም የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ትሮጥ እንደነበር ራሷ ተናግራለች። አባቷ የሞተው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ ከዚያ በኋላ ሩጫውን ትታው ነበር፤ አሠልጣኟ ነው የመለሳት። በአሥራ አራት ዓመቷ ብቻዋን ወደ ጃማይካ ሄደች። ጃማይካ የሯጭ አገር ናት፤ የትምህርት ቤቶች ውድድሯ ብቻ ስታዲየም ይሞላል። ግን አሥራ አራት ዓመት አሥራ አራት ዓመት ነው። እናት ለምሳ የማትጠራበት አገር፣ የሚሰማው ሁሉ ሌላ ቅላጼ። ከዚያ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ። እዚያ የጠበቃት አሠልጣኝ ኤድሪክ ፍሎሪያል ነው፤ ሃይቲ ተወልዶ ለካናዳ በስሉስ ዝላይ ሁለት ኦሊምፒክ የተወዳደረ፣ የደሴት ልጅነት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው። በ2018 የወጣቶች ኦሊምፒክ ላይ ብር ነበራት፤ በመጋቢት 2024 ግላስጎው ላይ በ60 ሜትር የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮን ሆነች፤ ቲያ ባሸነፈችበት በዚያው ሻምፒዮና።

ስለ ስታዲየም የማልዘለው አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 በደቡብ ሴንት ሉሲያ ቪዩ ፎር ከተማ ያለው ሴንት ጁድ ሆስፒታል ተቃጠለ። ሕሙማኑን የሚያኖሩበት ሌላ ቦታ ስላልነበረ የአገሪቱ ብሔራዊ ስታዲየም፣ ጆርጅ ኦድለም ስታዲየም፣ ሆስፒታል ሆነ። ለጥቂት ወራት መስሏቸው ነበር፤ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። ያኔ ጁሊየን የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አትሌት መሆን በምትማርባቸው ዓመታት በሙሉ የአገሯ ስታዲየም ውስጥ የተደረደረው አልጋ ነበር። ሴንት ሉሲያን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሣው፤ በስታዲየምና በሆስፒታል መካከል መምረጥ ያለበት አገር ሆስፒታሉን መምረጡ ትክክል ነው። ነገር ግን ዓለም ያጨበጨበላት ልጅ ከየት እንደተነሣች ሳይታወቅ ማለፍ የለበትም። ካሸነፈች በኋላ ለጋዜጠኞች ስትናገር ከጠቀሰቻቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ወርቁ ለሴንት ሉሲያ አዲስ ስታዲየም እንዲሠራ ይረዳል ብላ ተስፋ እንደምታደርግ ተናገረች። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ስለ መኪና ወይም ስለ ቤት ቢሆንም ማንም አይፈርድባትም ነበር።

የግሬናዳው ሊንደን ቪክተር በዚያው ምሽት በዴካትሎን ነሐስ አገኘ፤ በሁለት ቀን አሥር ውድድር፣ 8,711 ነጥብ። ከአንድ ወር በፊት ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ካሪያኩ የምትባለውን የግሬናዳ ደሴት አፍርሷት ነበር። ግሬናዳ በኦሊምፒክ እንግዳ አይደለችም፤ በ2012 ለንደን ላይ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ኪራኒ ጄምስ በ400 ሜትር የመጀመሪያውን ሜዳሊያ፣ ያውም ወርቅ፣ አምጥቶላት ነበር። ፓሪስ ላይ አንደርሰን ፒተርስ በጦር ውርወራ ሌላ ነሐስ ጨመረላት።

ኦሊምፒኩ ሲያልቅ ጋዜጦች ሜዳሊያን ለሕዝብ ብዛት አካፍለው ሰንጠረዥ አወጡ። ግሬናዳ አንደኛ፣ ዶሚኒካ ሁለተኛ፣ ሴንት ሉሲያ ሦስተኛ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ እኔ ግን አልወደድኩትም። ትንሿን አገር መገረሚያ ያደርጋታል፤ «ይህን ሁሉ ከየት አመጡት» ያሰኛል። የመጣው ከሜሪላንድ የመማሪያ ክፍልና ከጃማይካ ሜዳ፣ ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ልጁን በአሥራ አራት ዓመቷ ከሸኘ ቤተሰብ ነው። ደሴት ልጆቿን የምትሸኝ አገር ናት። ኢትዮጵያ ትልቅ ብትሆንም ይህን ሽኝት ዛሬ የማያውቅ ቤት የለንም፤ ለቤሩትም ለሪያድም ለሲልቨር ስፕሪንግም ሻንጣ አዘጋጅተናል። ስለዚህ ሴንት ሉሲያ ስትጨፍር ደስታዋ ውስጥ ናፍቆትም እንደነበረበት እረዳለሁ።

ከስታዲየሙ ወጥተን ወደ ባቡሩ ስንሄድ ሴትየዋ አብረውን ነበሩ። መንገዱ በሰው ተጨናንቋል፤ ዝናቡ አባርቷል። በመክፈቻው ምሽት ሁለት የጓዴሎፕ ልጆች፣ ማሪ ዦዜ ፔሬክና ቴዲ ሪነር፣ የኦሊምፒኩን እሳት ሲያቀጣጥሉ ምን እንደተሰማቸው ጠየቅናቸው። ኮርቻለሁ አሉ፤ ፔሬክ በ1992 እና በ1996 ስታሸንፍም ደሴቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ጨፍረዋል። ከዚያ ማርቲኒክ በራሷ ስም ብትሰለፍ ይወዱ እንደሆነ የአጎቴ ልጅ ጠየቃቸው። ከ1996 ወዲህ ኦሊምፒክ ኮሚቴው በዓለም የታወቀ ነጻ አገር ያልሆነ አዲስ አባል አይቀበልም፤ ጥያቄው ከስፖርት ያለፈ ነው።

ሴትየዋ ወዲያው አልመለሱም። በ1960 ሮም ላይ፣ አበበ ቢቂላ በሮጠበት ኦሊምፒክ፣ የእንግሊዝ ደሴቶች ዌስት ኢንዲስ በሚል አንድ ፌዴሬሽን ስም መሰለፋቸውን አስታወሱ፤ የጃማይካና የባርባዶስ ልጆች ለዚያ ስም ሁለት ነሐስ አምጥተው ነበር። ፌዴሬሽኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረሰ፤ እያንዳንዷ ደሴት የራሷን ሰንደቅ ሰቀለች። «እኛ ግን የጡረታችንም የሆስፒታላችንም ደብተር ፈረንሳይ ነው» አሉ። «ልጄ ፈረንሳዊ ነው። የልጅ ልጄም። ይህን አልጠላም። ግን ዛሬ ማታ ካስትሪስ ላይ እንዴት እንደሚጮኹ አስቤ ቀናሁ። በጣም ቀናሁ።» ባቡሩ መጣ። ከመውረዳቸው በፊት የሴንት ሉሲያን ሰንደቅ ለአጎቴ ልጅ ሰጡት።

በአራተኛው ቀን ጁሊየን በ200 ሜትር ከጋቢ ቶማስ ቀጥላ ብር አገኘች። በ2025 ቶኪዮ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና እሷ በ100 ሜትር ነሐስ፣ ቲያ በስሉስ ዝላይ ብር ወስደዋል። እኔ ቪዩ ፎርን ማየት እፈልጋለሁ፤ ሜዳውን፣ ከቻልኩም የትምህርት ቤቶች ውድድር በሚደረግበት ሰሞን። ከማርቲኒክ ወደ ካስትሪስ መርከብ እንዳለና መንገዱ ረጅም እንዳልሆነ ሴትየዋ ነግረውናል፤ የአጎቴ ልጅም አብሬህ እሄዳለሁ ብሎኛል።